ፔድሪ በ18 ዓመቱ 73 ጨዋታ ሲጫወት ማን ይቆጥር ነበር?

ጁላይ 6 ቀን 2021 በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ለንደን፣ ዌምብሌይ። የአውሮፓ ዋንጫ ግማሽ ፍፃሜ፣ ስፔን ከጣሊያን። በጣሊያን በኩል ጆርጂንሆ፣ ቬራቲና ባሬላ መሃል ሜዳውን ይዘዋል። በስፔን በኩል ቡስኬትስና ኮኬ አሉ፤ ከእነሱ ጎን ደግሞ ገና 18 ዓመቱ የሆነ ቀጭን ልጅ። ይህ ልጅ በዚያ ምሽት 120 ደቂቃ ተጫውቶ፣ ከሞከራቸው 66 ቅብብሎች ውስጥ የተበላሸችበት አንዷ ብቻ ናት። ስፔን በመለያ ምት ወደቀች። አሰልጣኙ ሉዊስ ኤንሪኬ ግን ከጨዋታው በኋላ ልጁን አወድሶ አልጠገበም፤ በዚህ ዕድሜ ዝነኛው የስፔን አማካይ ኢኒየስታ እንኳን ይህን አላደረገም አለ።

በ16ኛው ቀን ያው ልጅ ጃፓን ውስጥ፣ ሳፖሮ ላይ፣ ከግብፅ ጋር የኦሊምፒክ ጨዋታ ጀመረ። ኦገስት 7 በፍፃሜው በብራዚል ተሸንፈው የብር ሜዳሊያ ይዘው ተመለሱ። ኦገስት 15 በላሊጋው መክፈቻ ለባርሴሎና ተሰለፈ። በሁለቱ መሃል ያለው ስምንት ቀን ነው፤ ከዚያ ላይ ከጃፓን እስከ ስፔን ያለውን በረራ ቀንሱለት። በኦሊምፒኩ የተዘጋውን የ2020/21 የውድድር ዓመት የጨረሰው ለክለቡ 52፣ ብሔራዊ ቡድኖቹ ሲደመሩ ደግሞ 73 ጨዋታ ተጫውቶ ነው። በአማካይ በየአራት ቀን ተኩሉ አንድ ጨዋታ።

ስለ ፔድሪ ሲወራ ከችሎታው ቀጥሎ የሚነሳው ጉዳቱ ነው። "ጎበዝ ነው፣ ግን ብርጭቆ ነው" የሚሉት ብዙ ናቸው። ዲኤስቲቪ ቤት ስትቀመጡ ከኋላችሁ አንዱ ሳይላት አይቀርም። እኔ በዚህ አባባል አልስማማም። የልጁ እግር ብርጭቆ ሆኖ አልተፈጠረም። ችግሩ የጨዋታውን ብዛት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ደምሮ "በቃ" የሚል ሰው አለመኖሩ ነበር። ዛሬም የለም፤ ይህን የምጽፈውም ለዚህ ነው።

ፔድሪ ማለት ፔድሮ ጎንዛሌዝ ሎፔዝ ነው። የተወለደው ኖቬምበር 25 ቀን 2002 በቴነሪፌ ደሴት፣ ቴጌስቴ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ካርታ ላይ ብትፈልጓት ከስፔን ዋና ምድር ይልቅ ለሞሮኮ ትቀርባለች። ቤተሰቡ እዚያው ምግብ ቤት አለው። አያቱ በከተማዋ የባርሴሎና ደጋፊዎች ማህበር ካቋቋሙት አንዱ ነበሩ፤ ስለዚህ ልጁ ቤቱ ውስጥ ሌላ ክለብ ሳያውቅ ነው ያደገው። ሆኖም መጀመሪያ የሞከረው ሪያል ማድሪድ ነው። በሄደበት ሰሞን በረዶ ስለጣለ በቅጡ ሳይታይ ቀረ፤ "ደረጃችንን አይመጥንም" ተብሎ ወደ ደሴቱ ተመለሰ። ማድሪዶች ይህንን ሲያስታውሱ ምን እንደሚሰማቸው መገመት አይከብድም።

በ16 ዓመቱ ላስ ፓልማስ በስፔን ሁለተኛ ሊግ አጫወተው። ብዙም ሳይቆይ፣ ሴፕቴምበር 2019 ላይ፣ ባርሴሎና በ5 ሚሊዮን ዩሮና በተጨማሪ ክፍያዎች አስፈረመው፤ የሄደው ግን በ2020 ክረምት ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ጨዋታ ጨርሶ ትጥቁን በፌስታል ይዞ በታክሲ ወደ ቤቱ ሲሄድ ታይቷል። ወንድሙ ምግብ አብሳይ ስለሆነ አብሮት ባርሴሎና ገብቶ ያበስልለት ነበር። ይህንን የማነሳው ልጁ ምን ያህል ልጅ እንደነበረ እንዲታየን ነው።

የሄደበት ሰዓት ደግሞ ክፉ ሰዓት ነበር። ባርሴሎና በኦገስት 2020 በባየርን ሙኒክ 8 ለ 2 ተደብድቧል። ሱአሬዝ፣ ራኪቲችና ቪዳል ወጥተዋል። ካዝናው ባዶ ነው፤ ሜሲ ራሱ መውጣት እንደሚፈልግ ተናግሯል።  በዚያ ላይ ኮሮና የውድድሩን ዘመን ገፍቶ ገፍቶ ሴፕቴምበር ላይ አስጀምሮታል፤ ጨዋታው ግን አልተቀነሰም፣ ባነሰ ቀን ውስጥ ተጠቀጠቀ እንጂ። በውሰት ሊሄድ ይችላል የተባለው ልጅ በአንዴ አሰልጣኙ ሮናልድ ኩማን ሊያስቀምጡት የማይችሉት ተጫዋች ሆነ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ ክፉ ሰው ፈልጋችሁ አታገኙም። ኩማን ቡድኑን ማትረፍ ነበረባቸው። ሉዊስ ኤንሪኬ ምርጡን አማካይ ወደ አውሮፓ ዋንጫ ይዞ መሄዱ ሥራው ነው። የኦሊምፒክ ቡድኑም ሜዳሊያ ይፈልጋል፤ በስፔን ሕግ ደግሞ ክለብ ለብሔራዊ ቡድን የተጠራን ተጫዋች እምቢ ማለት አይችልም። ኩማን ሁለቱም ውድድር ለአንድ ልጅ ይበዛል ብለው በግልጽ ተቃውመው ነበር፤ ልጁ ከቶኪዮ ሲመለስ ግን ያሰለፉት እሳቸው ናቸው። ፔድሪ ራሱስ? የ18 ዓመት ልጅ ለአገርህ ኦሊምፒክ ትጫወታለህ ተብሎ "ደክሞኛል" ይላል? እኛስ ተመልካቾቹ? ማክሰኞ ማታ 5 ሰዓት ድረስ ነቅተን ስንጠብቅ ስሙ በአሰላለፉ ውስጥ ከሌለ የምንናደደው እኛው ነን። እያንዳንዱ ከራሱ ቦታ ሲታይ ምክንያት አለው። ምክንያቶቹ ሁሉ ተደምረው ያረፉት ግን በአንድ ልጅ ጭን ላይ ነው።

ሂሳቡ ለመምጣት ጊዜ አልወሰደም። ሴፕቴምበር 14 ቀን 2021 ከባየርን ጋር በተደረገው ጨዋታ የግራ ጭኑ የፊት ጡንቻ ተጎዳ። ሁለት ሳምንት ገደማ አርፎ ሊዝበን ላይ ከቤንፊካ ጋር ተሰለፈ፤ አገረሸበት። ከዚያ በኋላ እስከ ጃንዋሪ 2022 ሜዳ አልገባም። ለኔ ትልቁ ስህተት ከ73ቱ ጨዋታ ይልቅ ይህ የቤንፊካው ነው። ጡንቻ አንዴ ከተጎዳ ዳግም የመጎዳት ዕድሉ ይጨምራል፤ ይህ በስፖርት ሕክምና ውስጥ ማንም የማይከራከርበት ነገር ነው። ባርሴሎና ግን ያኔ ሜሲን አጥቷል፣ በሻምፒየንስ ሊጉ የመጀመሪያውን ጨዋታ 3 ለ 0 ተሸንፏል፣ የኩማንም ሥራ አደጋ ላይ ወድቋል። ቸኮሉ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ጊዜ ያሳዝነኛል። ኦክቶበር 2021 ላይ አዲስ ውል ፈረመ፤ የውል ማፍረሻው 1 ቢሊዮን ዩሮ ተደረገ። በክለቡ ታሪክ እስከዚያ እንዲህ ያለ ቁጥር አልተጻፈም። ኖቬምበር ላይ የጎልደን ቦይ ሽልማትንም፣ የኮፓ ሽልማትንም፣ ማለትም የዓለም ምርጥ ወጣት የሚያሰኙትን ሁለቱንም፣ ወሰደ። ሦስቱም ሲሆኑ ልጁ ጉዳተኛ ነው። ወረቀት ላይ ዋጋው ሰማይ በነካበት ሰሞን ሮጦ መጫወት አይችልም ነበር።

ተመለሰ። በአፕሪል 2022 ከሲቪያ ክለብ ጋር በተደረገው ጨዋታ ሁለት ተከላካይ በአንድ በአንድ አታሎ ከሳጥን ውጪ ያገባትን ጎል ያየ አይረሳትም። በዚያው ወር ከፍራንክፈርት ጋር በተደረገው ጨዋታ የኋላ ጭኑ ተጎዳና ዓመቱ አለቀበት። ያንን የውድድር ዓመት 22 ጨዋታ ብቻ ነው ለክለቡ የተጫወተው፤ ከ52 ወደ 22። በፌብሯሪ 2023 ከማንችስተር ዩናይትድ ጋር፣ እንደገና ጭን። በኦገስት 2023፣ እንደገና። ማርች 3 ቀን 2024 ቢልባኦ፣ ሳን ማሜስ ላይ ማንም ሳይነካው ቆመ። ማንም አልነገረውም፣ አውቆታል። እያለቀሰ ወጣ። ህመሙ ብቻ ሰውን እንዲህ አያስለቅስም፤ ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ያውቀዋል። የአልጋውን፣ የጂሙን፣ ሳይክል ላይ ተቀምጦ ጓደኞቹ ሲለማመዱ በመስኮት ማየቱን። 21 ዓመቱ ነበር።

ጉዳት አጥቂውንም ተከላካዩንም ያገኛል። የአማካይ ነገር ግን ለብቻው ነው። ክንፍ ተጫዋች በ65ኛው ደቂቃ ሲቀየር ጨዋታው አይናጋም፤ አንዳንዴም ትኩስ እግር ገብቶ ይሻላል። እንደ ፔድሪ ያለ አማካይ ሲወጣ ግን ኳሱ ራሱ ከቡድኑ እጅ ይወጣል። ከተከላካይ ተቀብሎ፣ ዞሮ፣ ከሦስት ሰው መሃል ወደፊት የሚያሻግር ሰው በአንድ ቡድን ውስጥ ሁለት አይገኝም። ስለዚህ ከ2020 ጀምሮ የመጣው የአምስት ቅያሪ ሕግ የጠቀመው ክንፎቹንና አጥቂዎቹን ነው። አሰልጣኙ ሲመራ "ውጤቱን ያስጠብቅልኝ" ብሎ ያቆየዋል፤ ሲመራበት ደግሞ "ጎሉን ከሱ ነው የማገኘው" ብሎ ያቆየዋል።

ሌላም አለ። ፔድሪ በፍጥነት የሚታወቅ ተጫዋች አይደለም፤ ስለዚህ ብዙ ሰው ብዙ የማይለፋ ይመስለዋል። እስቲ በሚቀጥለው ጨዋታ ኳሱን ትታችሁ እሱን ብቻ አስር ደቂቃ ተከታተሉት። አይቆምም። ኳስ ሳይመጣ በፊት ግራና ቀኙን ያያል፣ አምስት ሜትር ይሮጣል፣ ድንገት ይቆማል፣ በግማሽ ዞሮ ይቀበላል፣ ሰውነቱን ወደ አንድ ጎን አሳይቶ በሌላው ይሄዳል፣ ኳሱን ሰጥቶ እንደገና አዲስ ቦታ ይፈልጋል። ጭንን የሚበላው ይሄ መሮጥና መቆም፣ መሮጥና መዞር ነው። ካሜራው ኳሱን ስለሚከተል እኛ አናየውም።

ታዲያ ምን ተለወጠ? በጁላይ 2024 በአውሮፓ ዋንጫው ሩብ ፍፃሜ የጀርመኑ ቶኒ ክሮስ ገና በጨዋታው መጀመሪያ ላይ መታውና ጉልበቱ ተጎድቶ ወጣ። በሱ ቦታ የገባው ዳኒ ኦልሞ ጎል አገባ፤ ስፔንም ዋንጫውን አነሳች። ፔድሪ ያንን ክረምት በማገገም አሳለፈ። መጥፎ ዕድል ነበር። ግን ከዓመታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰውነቱን ረጋ ብሎ የሚገነባበት ጊዜ አገኘ። በዚያው ሰሞን ሃንሲ ፍሊክ ወደ ክለቡ በአሰልጣኝነት መጡ፤ ከሳቸው ጋር ደግሞ ቀድሞ ከአንቶኒዮ ኮንቴ ጋር በዩቬንቱስ፣ በቼልሲና በኢንተር የሠራው የአካል ብቃት ባለሙያ ሁሊዮ ቱስ። ልምምዱ ከበደ፤ ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ በዛ። ፔድሪ ራሱም እንቅልፉንና አመጋገቡን እንዳስተካከለ፣ ጡንቻ እንደጨመረ ተናግሯል።

ውጤቱን አይተነዋል። በ2024/25 የውድድር ዓመት ለባርሴሎና 59 ጨዋታ ተጫወተ። ላሊጋውን፣ ኮፓ ዴልሬይንና የስፔን ሱፐር ካፕን ወሰዱ። በኮፓው ፍፃሜ፣ ኤፕሪል 26 ቀን 2025 ሲቪያ ላይ፣ ከማድሪድ ጋር፣ በ28ኛው ደቂቃ ያገባትን ተመልከቱ። ከራሱ ሜዳ ረጅም ኳስ ለክንፍ ተጫዋቹ ያማል አሻገረ፣ እዚያ ቆሞ ጨዋታውን አላየም፣ ሜዳውን አቋርጦ ሮጠ፣ ያማል ኳሷን መልሶ ሲሰጠው ከሳጥኑ ጫፍ በአንድ ምት ላካት። ከዚህ በፊት የምናውቀው ፔድሪ የመጀመሪያውን ይሠራ ነበር። ያ ሩጫ ነው አዲሱ። ኳስ መንጠቁም እንደዚያው፤ በዚያ ዓመት በላሊጋው ኳስ በማስመለስ ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነበር።

እዚህ ጋ አንድ ሰው ተነስቶ "59 ጨዋታ ተጫውቶ ካልተጎዳ ታዲያ የጨዋታ ብዛት ምን አደረገው?" ሊለኝ ይችላል። ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱ፣ ቁጥሩ ብቻውን ሰው አይሰብርም የሚል ነው። የ22 ዓመት ሰውነት የ18 ዓመት ሰውነት አይደለም። ዝግጅት ሠርቶ የጀመረ ሰው፣ ከአውሮፕላን ወርዶ ወደ ሜዳ እንደገባ ሰው አይደለም። ከጉዳት በደንብ አገግሞ የተመለሰ ደግሞ በሁለት ሳምንት እንደተቻኮለበት አይደለም። በ2021 ሦስቱም አንድ ላይ ጎድለው ነበር። ያም ሆኖ ሰውነት ወሰን አለው፤ በኦክቶበር 2025 በሪያል ማድሪድ ሜዳ በበርናቤው በጭማሪ ደቂቃ በሁለተኛ ቢጫ ከሜዳ ከወጣ በኋላ ክለቡ የኋላ ጭኑ እንደተጎዳ አስታወቀ፤ አንድ ወር ገደማ ጠፋ።

ፔድሪ ተርፏል እንበል። ከሱ በኋላ የመጡትስ? የባርሴሎናው አማካይ ጋቪ በኖቬምበር 2023 የጉልበቱ ጅማት የተበጠሰው ስፔን ወደ አውሮፓ ዋንጫ ማለፏን ካረጋገጠች በኋላ ከጆርጂያ ጋር በተደረገ ጨዋታ ነው። 19 ዓመቱ ነበር። አንድ ዓመት ሊሞላው ሲል ተመለሰ፤ በሴፕቴምበር 2025 ደግሞ በድጋሚ ጉልበቱን ቀዶ ሕክምና አደረገ። ሌላው የባርሴሎና አማካይ ፌርሚን ሎፔዝ በ2024 ክረምት የፔድሪን መንገድ በትክክል ሄደበት፤ መጀመሪያ አውሮፓ ዋንጫ፣ ከዚያ ፓሪስ ኦሊምፒክ። ፓሪስ ላይ ስድስት ጎል አግብቶ ወርቅ ወሰደ። ሴፕቴምበር ላይ ጭኑ ተጎዳ። አማካይ ባይሆንም ያማልን መተው አይቻልም፤ በሴፕቴምበር 2025 ፍሊክ በብሔራዊ ቡድኑ ላይ የተቆጡት፣ ልጁ ህመም እያለው በማስታገሻ አጫወታችሁት ብለው ነው። ክለብና ብሔራዊ ቡድን በአንድ ልጅ ሰውነት ላይ ሲጣሉ ማለት ነው። ከ2021 ምን ተማርን?

ከላይ ያሉት ደግሞ የሚያስቡት በተቃራኒው ነው። ሻምፒየንስ ሊጉ ከ2024 ጀምሮ በመጀመሪያው ዙር ከስድስት ጨዋታ ወደ ስምንት አድጓል። የክለቦች ዓለም ዋንጫ በ2025 ክረምት በ32 ቡድን አሜሪካ ላይ ተደረገ፤ ድሮ ተጫዋች የሚያርፍበት ወር ነበር። የ2026ቱ ዓለም ዋንጫ 48 ቡድንና 104 ጨዋታ ነው። የስፔኑ አማካይ ሮድሪ በሴፕቴምበር 2024 ተጫዋቾች የሥራ ማቆም አድማ ለማድረግ ተቃርበናል አለ፤ በዚያው ሳምንት ከአርሰናል ጋር ሲጫወት የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። የተጫዋቾች ማህበሩ ፊፍፕሮና የአውሮፓ ሊጎች በኦክቶበር 2024 ፊፋን ለአውሮፓ ኮሚሽን ከሰሱ። ፊፋ በጁላይ 2025 በጨዋታዎች መሃል ቢያንስ 72 ሰዓት፣ በውድድር ዓመት መጨረሻ ቢያንስ 21 ቀን እረፍት እንዲኖር ስምምነት ላይ ደርሻለሁ አለ። ፊፍፕሮ ግን በስብሰባው አልተጠራሁም ብሏል። ተጫዋቾችን በዓለም የሚወክለው ትልቁ ማህበር በሌለበት የተጫዋቾች እረፍት ተወሰነ ማለት ነው።

21 ቀን ከምንም ይሻላል። ግን ለ31 ዓመቱ ተጫዋችና ለ18 ዓመቱ እኩል መሆኑን አልቀበለውም። እኔ ብጠየቅ ከ21 ዓመት በታች ላለ ተጫዋች ክለብና ብሔራዊ ቡድን ተደምሮ በዓመት የጨዋታ ጣሪያ ይኑረው እላለሁ። በአንድ ክረምት ሁለት ትልቅ ውድድር አይፈቀድ። ደቂቃውን የሚቆጥረው ደግሞ ክለቡም ፌዴሬሽኑም መሆን የለበትም፤ ሁለቱም ልጁን ይፈልጉታልና። ከሁለቱም ደመወዝ የማይበላ ሐኪም ይሁን፣ ጣሪያው ሲደርስ "አይሰለፍም" የማለት ሥልጣን ያለው።

አሰልጣኞች ይህን አይወዱትም፤ ይገባኛል። ለዚህ ነው ነገሩ ከውሉ መጀመር ያለበት። በዝውውር ውሎች ውስጥ "ይህን ያህል ጨዋታ ከተሰለፈ ይህን ያህል ክፍያ ይጨመራል" የሚል አንቀጽ የተለመደ ነው። ሻጩ ክለብ፣ ወኪሉ፣ አንዳንዴም ተጫዋቹ ራሱ የሚጠቀመው ልጁ ብዙ ሲጫወት ነው። 20 ዓመት ያልሞላውን ተጫዋች ከ50 ጨዋታ በላይ ያሰለፈን ክለብ ቅጣት የሚያስከፍል አንቀጽም እዚያው ውል ውስጥ ይግባ፤ ገንዘቡም ለተጫዋቹ ሕክምና ይቀመጥ። የሚቀጥለው ፔድሪ አሁን በአንድ አካዳሚ ውስጥ 15 ወይም 16 ዓመቱ ነው፤ የመጀመሪያ ውሉን የሚፈርመው በቅርቡ ነው።